ደንብ፣ ዛፍ፣ ኔትወርክ ወይስ የቋንቋ ሞዴል፦ ለሥራችሁ የሚሆነውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለመምረጥ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስም የማይመሳሰሉ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል። የብድር ማመልከቻ የሚያጣራ ፕሮግራም፣ የቡና ቅጠል ፎቶ አይቶ በሽታ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ፣ በአማርኛ የተጻፈ የደንበኛ ቅሬታ አንብቦ ለሚመለከተው ክፍል የሚመራ ሥርዓት፤ ሦስቱም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ሦስቱም ሰው በልምድ የሚያደርገውን፣ አይቶ መለየትንና መወሰንን፣ ይቀዳሉ። አሠራራቸው፣ ወጪያቸውና የሚሳሳቱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ይህ መመሪያ ለድርጅቱ፣ ለማኅበሩ ወይም ለራሱ ሥራ ከመካከላቸው መምረጥ ላለበት ሰው የተዘጋጀ ነው፤ እነዚህን ሦስት ሥራዎች እስከ መጨረሻው በምሳሌነት እንይዛቸዋለን።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከሥርዓቱ ስም ነው፤ "ኒውራል ኔትወርክ እንፈልጋለን" ይላል (ኒውራል ኔትወርክ በንብርብር የተደረደሩ ብዙ ቁጥሮችን ከምሳሌ እያስተካከለ የሚማር ፕሮግራም ነው)። መጀመር ያለበት ግን በእጁ ካለው ዳታና ከስህተቱ ዋጋ ነው። ሁለቱ በደንብ ከታወቁ ምርጫው ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል።

ከመምረጥ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

ዳታችሁ ምን ዓይነት ነው? እንደ ዕድሜ፣ ገቢና የቀደመ ብድር በዓምድ የተደረደረ ሠንጠረዥ፣ ምስል ወይስ ጽሑፍ? ትክክለኛው መልስ አብሮት የተጻፈ ስንት ምሳሌስ አላችሁ? አሥር ሺህ የብድር መዝገብ ኖሯችሁ የትኛው እንደተመለሰ የትኛው እንዳልተመለሰ ካልተመዘገበ፣ ለማሠልጠኛ ያላችሁ ምሳሌ ዜሮ ነው።

ሁልጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ሥርዓቱ ሲሳሳት ምን ያህል ይከፈላል፣ የሚከፍለውስ ማን ነው? ስህተት ሁለት ዓይነት ነው፤ የሌለውን አለ ማለትና ያለውን የለም ማለት። ዋጋቸው እኩል የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የገንዘብ ዝውውር ማጭበርበርን እንውሰድ። አንድ ጤነኛ ዝውውር በከንቱ ተጠርጥሮ ሠራተኛ ሲያጣራው 50 ብር ያስወጣል፣ አንድ የተጭበረበረ ዝውውር ሲያመልጥ ደግሞ 950 ብር ያሳጣል እንበል። ሞዴሉ (ከምሳሌዎች የተማረው ፕሮግራም) ለእያንዳንዱ ዝውውር ከ0 እስከ 1 የሆነ የመጭበርበር ዕድል ይሰጣል። አብዛኛው ሶፍትዌር ሲገጠም ማስጠንቀቂያው 0.5 ላይ እንዲነሳ ተደርጎ ስለሚመጣ ሰው እንደዚያው ይተወዋል። ትክክለኛው መቁረጫ (ማስጠንቀቂያው የሚነሳበት ዕድል) የሚገኘው ግን የከንቱ ማስጠንቀቂያውን ዋጋ ለሁለቱ ዋጋዎች ድምር በማካፈል ነው፦ 50 ÷ (50 + 950) = 0.05። ይህችን አንድ ቁጥር ማስተካከል ብዙ ጊዜ ሞዴሉን በሌላ ከመተካት የበለጠ ገንዘብ ያድናል።

አንድ ሁኔታ ግን መሟላት አለበት፦ ሞዴሉ የሚሰጠው ዕድል የሚታመን መሆን አለበት። 0.05 ከተሰጣቸው 100 ዝውውሮች መካከል በእርግጥ 5 ገደማ የተጭበረበሩ ካልሆኑ ስሌቱ አይሠራም። ይህን ለማወቅ ሞዴሉ ያላያቸውን መዝገቦች በተሰጣቸው ዕድል በአሥር ቡድን ከፋፍሉና የተባለውን ከሆነው ጋር አስተያዩ። ከተራራቁ ዕድሉን መልሶ የሚያስተካክል መሣሪያ ሳይኪትለርን በተባለው ነፃ የፕሮግራም መሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

የተጻፈ ደንብ

ባለሙያው የሚያውቀው ነገር "እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ" ተብሎ የሚጻፍበት ሥርዓት ከሁሉም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማይሲን በመቶዎች በሚቆጠሩ ደንቦች እየተመራ የደም ኢንፌክሽን ምንጭን ይገምትና መድኃኒት ይመክር ነበር።

ደንብ የሚመረጠው ውሳኔው በሕግ ወይም በመመሪያ የተቀመጠ ሲሆን፣ የተመዘገበ ምሳሌ በሌለበት ጊዜና ምክንያቱን በወረቀት ማሳየት ግድ በሚሆንበት ቦታ ነው። "ማመልከቻው ውድቅ የሆነው ዋስ ስላልቀረበ ነው" ብሎ የሚመልስ ሥርዓት አመልካቹን አያከራክርም። ችግሩ ደንቡ ሲበዛ ይመጣል። ሰባተኛው ደንብ የፈቀደውን አርባኛው ይከለክላል፤ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይዛባል፤ ማን ለምን እንደጻፈው የሚያስታውስ ይጠፋል። ደንቦቻችሁ እርስ በርስ መጣረስ ሲጀምሩና ማን ይቅደም የሚል ሌላ ደንብ ስትጽፉ ራሳችሁን ካገኛችሁት፣ ከምሳሌ ወደሚማር ሥርዓት የመሄጃው ጊዜ ደርሷል። ለምስል ደግሞ ደንብ ጨርሶ አይሆንም፤ ዋግ ያለበትን የቡና ቅጠል "ብርቱካናማ ነጥብ ካለ" ብሎ መግለጽ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የምሽት ፀሐይ፣ ቀይ አፈርና ያረጀ ቅጠልም ብርቱካናማ ናቸው።

ሌላ መንገድ ብትመርጡም እንኳ ደንቡን አስቀድማችሁ ጻፉ። ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። በኋላ የሚመጣው ሞዴል ሊያሸንፈው የሚገባው ቁጥር እሱ ይሆናል፤ ውድ ሞዴል ከአምስት መስመር ደንብ በምንም ሳይሻል መቅረቱ ብርቅ አይደለም።

ሠንጠረዥ ላለው፦ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ወይስ የዛፎች ስብስብ

የብድር ማጣሪያው ምሳሌያችን እዚህ ይገባል። ዳታው በዓምድና በረድፍ ከተቀመጠ የምርጫው ክርክር አጭር ነው፦ ኒውራል ኔትወርክን እርሱት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ንጽጽር አሥር ሺህ ገደማ ረድፍ ባላቸው ሠንጠረዦች ላይ የዛፍ ሞዴሎች (በተከታታይ የአዎና የአይደለም ጥያቄዎች ወደ መልስ የሚደርሱት) ከጥልቅ ኔትወርኮች እንደሚበልጡ አሳይቷል፤ የሚፈልጉት የሥልጠና ጊዜም ያንሳል።

የቀሩት ሁለት ናቸው። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ክብደት ሰጥቶ ይደምራል፤ ከጥቂት መቶ ረድፎች ጀምሮ ይሠራል፣ ክብደቶቹም አንድ ገጽ ላይ ይነበባሉ። የዛፎች ስብስብ ሁለት መልክ አለው። ሊዮ ብሬይማን እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው ራንደም ፎረስት ብዙ ዛፎችን ለየብቻ አሳድጎ ድምፅ ያሰጣቸዋል። እንደ ኤክስጂቡስትና ላይትጂቢኤም ያሉት ደግሞ አንዱ ዛፍ የቀደመውን ስህተት እንዲያርም አድርገው በተርታ ይገነባሉ። ራንደም ፎረስት ለማበላሸት ከባድ ነው፤ ከ300 እስከ 500 ዛፍ ሰጥታችሁ ሌላውን እንደመጣ ብትተዉት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ኤክስጂቡስት ትንሽ ይበልጠዋል፣ ነገር ግን ማስተካከል ይፈልጋል፦ የመማሪያ ፍጥነት (ሞዴሉ በእያንዳንዱ እርማት የሚለወጥበት መጠን) 0.05፣ የዛፍ ጥልቀት ከ4 እስከ 6 አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ለማረጋገጫ ለይታችሁ ባስቀመጣችሁት ዳታ ላይ 50 ዙር ሙሉ መሻሻል ካላሳየ እንዲቆም እዘዙት። ሁለቱም 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ ያለ ጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንዴ የሚሠራ ልዩ ቺፕ)፣ በደቂቃዎች ይጠናቀቃሉ።

የሚበላሸው ሞዴሉ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ዳታው ነው። አንደኛው ብልሽት የመልሱ አስቀድሞ መፍሰስ ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ "ለማስታወስ የተደወለበት ብዛት" የሚል ዓምድ ካለ ሞዴሉ አስደናቂ ሆኖ ይታያል፤ ምክንያቱም የሚደወለው ላልከፈለ ሰው ብቻ ነው። ብድሩ ሊሰጥ ሲል ግን ይህ ዓምድ ባዶ ነው። ለእያንዳንዱ ዓምድ "ውሳኔው በሚሰጥበት ቀን ይህን እናውቀው ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ካላወቃችሁት ሰርዙት። የፈተናውን ዳታም በዕጣ አትምረጡ፤ በቆዩት ዓመታት አሠልጥናችሁ በመጨረሻው ዓመት ፈትኑ፤ ሥርዓቱ የሚሠራው በማይታወቅ ነገ ላይ ነውና።

ሁለተኛው ብልሽት ረቂቅ ነው። መዝገቡ ውስጥ ያሉት ብድር የተፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። የተከለከሉት ሰዎች ቢፈቀድላቸው ይመልሱ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ሞዴሉ ስለ እነሱ የሚለው ሁሉ ግምት ነው። የድሮ የብድር ኮሚቴ የመሬት ይዞታ ካርታ የሌላቸውን ሴቶች ሲመልስ ከኖረ፣ ከእነሱ የተገኘ ምሳሌ ስለሌለ ሞዴሉ ያንኑ ልማድ በቁጥር አስመስሎ ይቀጥላል። ፍቱን መድኃኒቱ አነስተኛ ብድርን ከመቁረጫው ትንሽ በታች ለወደቁ ጥቂት አመልካቾች በዕጣ መፍቀድና ውጤቱን መመዝገብ ነው። ገንዘብ ያስወጣል፤ ያለ እሱ ግን ዕውነቱ አይገኝም።

ከሎጂስቲክ ሪግሬሽንና ከዛፎች ስብስብ የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ከሚታወቅ አንድ ጉዳይ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ምች ሕመምተኞችን የሞት አደጋ ለመገመት በርካታ ሞዴሎች ተወዳደሩ፤ ኒውራል ኔትወርኩ በግልጽ በለጠ። ሆኖም ጎን ለጎን የሠለጠነ ደንብ አውጪ ሞዴል "አስም ያለበት ሰው የመሞት ዕድሉ ያነሰ ነው" የሚል ነገር ከዳታው ውስጥ አወጣ። በዳታው ውስጥ እውነት ነበር፤ አስም ያለባቸው ወዲያው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እየገቡ ልዩ ክትትል ስለሚደረግላቸው በብዛት ይተርፉ ነበር። ያንን አምኖ አስም ያለበትን ሕመምተኛ ወደ ቤት መመለስ ግን መግደል ነው። ኔትወርኩም ይህንኑ ተምሮ ይሆናል፣ ሌላም የማይታይ ነገር ሊኖር ይችላል በሚል ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ታሪኩን በኋላ ሪች ካሩዋናና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈውታል። ስለዚህ ውሳኔው በሰው ኑሮ ላይ የሚወድቅ ከሆነና የሁለቱ ልዩነት በፈተና አንድ ወይም ሁለት በመቶ ብቻ ከሆነ፣ የሚነበበውን ምረጡ። የክምችት ፍላጎትን ወይም የማሽን ብልሽትን ለመተንበይ ከሆነ ደግሞ ያለ ማመንታት ዛፎቹን።

ምስል ላለው፦ ከዜሮ ማሠልጠን ወይስ የሠለጠነውን መቀጠል

ምስል የኒውራል ኔትወርክ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሌክስኔት የተባለው ኔትወርክ ኢሜጅኔት በተባለው የምስል መለየት ውድድር የስህተቱን መጠን ወደ 15.3 በመቶ ሲያወርድ ተከታዩ 26.2 በመቶ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ መስክ ሌላ ተፎካካሪ የለም። ጥያቄው እንዴት ማሠልጠን ይሻላል የሚለው ነው፤ መልሱም አንድ ነው። ከዜሮ አትጀምሩ። ኢሜጅኔት 1.2 ሚሊዮን ገደማ የማሠልጠኛ ምስል አለው፤ እናንተ ምናልባት ሁለት ሺህ የቅጠል ፎቶ አላችሁ። በእነዚያ ሚሊዮኖች ላይ ጠርዝን፣ ቀለምንና ሸካራነትን መለየት የተማረ ኔትወርክ ወስዳችሁ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ በራሳችሁ ምስል አስተምሩት።

የትኛውን ኔትወርክ እንደምትወስዱ የሚወስነው የት እንደሚሠራ ነው። ሬዝኔት 50 ወደ 25.6 ሚሊዮን ክብደቶች አሉት፤ እያንዳንዱ 4 ባይት ስለሚይዝ ፋይሉ 100 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ለሰርቨር ጥሩ ነው። ሞባይልኔት ሁለተኛው ስሪት 3.4 ሚሊዮን ክብደቶች ብቻ አሉት፤ 14 ሜጋባይት ገደማ፣ እያንዳንዱ ክብደት ወደ 8 ቢት (1 ባይት) ሲጨመቅ ደግሞ 3.5 ሜጋባይት ያህል። ኢንተርኔት በማይደርስበት የጅማ ወይም የሲዳማ የቡና ማሳ ውስጥ በርካሽ ስልክ መሥራት ካለበት ክርክሩ እዚህ ያበቃል፤ ጥቂት በመቶ ትክክለኛነት ቢቀንስም ሰርቨር ላይ ካለና ከማይከፈት ሞዴል ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት (ጤነኛ፣ ዋግ፣ ሌላ በሽታ) ቢያንስ ከ200 እስከ 500 ፎቶ ሰብስቡ። ምስሎቹን ወደ 224 በ224 ነጥብ አሳንሱ። መጀመሪያ የተወሰደውን ኔትወርክ አግዳችሁ አዲሱን የመጨረሻ ክፍል ብቻ በ0.001 የመማሪያ ፍጥነት ከ5 እስከ 10 ዙር (አንድ ዙር ምስሎቹን ሁሉ አንድ ጊዜ ማሳየት ነው) አሠልጥኑ። ከዚያ የላይኞቹን ንብርብሮች ክፈቱና ፍጥነቱን ወደ 0.00001 ዝቅ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ፍጥነቱን ሳትቀንሱ ከከፈታችሁት ከሚሊዮን ምስሎች የተማረው በጥቂት ዙር ይጠፋል፤ ጀማሪዎች አዘውትረው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። በሥልጠናው ላይ ምስሉን ማገላበጥ፣ ማዞር፣ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይረዳል። ቀለሙን በጣም መቀያየር ግን ለቅጠል በሽታ ጎጂ ነው፤ በሽታው የሚታወቀው በቀለሙ ነውና።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት ፕላንትቪሌጅ በተባለው የ54,306 የቅጠል ምስሎች ስብስብ ላይ ኔትወርክ አሠልጥኖ 99.35 በመቶ ትክክል አገኘ። ያው ሞዴል በሌላ ሁኔታ የተነሱ፣ ከኢንተርኔት የተሰበሰቡ ምስሎች ሲቀርቡለት ወደ 31 በመቶ ወረደ። የስብስቡ ምስሎች አንድ ቅጠል ተቆርጦ በተመሳሳይ ጀርባ ላይ ተዘርግቶ የተነሱ ነበሩ። በማሳ ውስጥ ያለ ቅጠል ሌላ ቅጠል ይደረብበታል፣ ጥላ ያርፍበታል፣ የገበሬው ጣት ይገባበታል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ፦ ፎቶዎቹን ሥርዓቱን በሚጠቀሙት ሰዎች፣ በራሳቸው ስልክ፣ በሥራው ቦታ አስነሱ። ስትከፋፍሉም በፎቶ ሳይሆን በማሳ ክፈሉ፤ ከአንድ ዛፍ የተነሱ አሥር ፎቶዎች ሰባቱ ለሥልጠና ሦስቱ ለፈተና ከሄዱ፣ ፈተናው መልሱን አይቶ የገባ ተማሪ ፈተና ነው።

ሌላው፣ እንዲህ ያለ ሞዴል "አላውቅም" ማለት አልተማረም። የጫማ ፎቶ ብትሰጡት ካሉት ዓይነቶች አንዱን፣ ምናልባትም በ0.9 እርግጠኝነት፣ ይመልሳል። "ቅጠል ያልሆነ" የሚል ተጨማሪ ዓይነት ጨምሩና በአፈር፣ በእጅ፣ በሳርና በደበዘዙ ፎቶዎች ሙሉት። ከዚያም ሞዴሉ ከተወሰነ እርግጠኝነት በታች ሲሆን መልስ ከመስጠት ይልቅ "ድጋሚ ያንሱ" እንዲል አድርጉ።

የመለያውን ሥራ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ ትክክለኛውን መልስ መጻፍን፣ አትናቁ። ሁለት የሰብል ባለሙያዎች ሳይነጋገሩ ያንኑ 200 ፎቶ ይለዩ። በ90 በመቶው ቢስማሙ ጥሩ ይመስላል፤ ሆኖም ከፎቶዎቹ 90 በመቶው ጤነኛ ከሆኑ ሁለት ሰዎች እንዲሁ እየገመቱ እንኳ በ82 በመቶው ይስማማሉ (0.9 × 0.9 ሲደመር 0.1 × 0.1)። ከዕድል በላይ ያለው ስምምነታቸው (0.90 − 0.82) ÷ (1 − 0.82)፣ ማለትም 0.44 ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ያልተስማሙበትን ነገር ሞዴሉ በትክክል ሊማረው አይችልም፤ ከማሠልጠን በፊት በጋራ ተቀምጠው የሚለያዩበትን ምልክት ይጻፉ።

የአማርኛ ጽሑፍ ላለው፦ ሦስት መንገድ

የቅሬታ መለያው ሥራ እዚህ ነው፤ ለአማርኛ ጸሐፊና አንባቢ ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበው። ከሞዴሉ በፊት ጽሑፉ ራሱ መጽዳት አለበት። ሰው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እያፈራረቀ ይጽፋል፤ ለኮምፒዩተር "ጸሐይ" እና "ፀሀይ" የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው። ለመለየት ሥራ ወደ አንድ ፊደል ማምጣቱ ይጠቅማል። ጽሑፍ ለሚያወጣ ወይም ሃይማኖታዊ ጽሑፍ ለሚያነብ ሥርዓት ግን ይጎዳል፤ ድኅነት መዳን ነው፣ ድህነት ማጣት ነው፤ አንድ አድርጋችሁ ከጨፈለቃችሁ በኋላ የሚመልሳችሁ የለም። ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ ሳትነኩ አስቀምጡ፣ የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ። አራት ነጥብንም አትርሱ፦ ግማሹ ሰው "።" ይጽፋል፣ ግማሹ ሁለት ጊዜ "፡፡" ይመታል፤ ካላስተካከላችሁት ዓረፍተ ነገር መቁረጫው ይስታል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ካለ ለብቻው ቁጠሩት፤ ብዙ ከሆነ ከእሱም መለያ የተጻፈላቸው ምሳሌዎች ያስፈልጋሉ።

የመጀመሪያው መንገድ ርካሹ ነው፦ ከ2 እስከ 5 ፊደል ያላቸውን ቁርጥራጮች ቆጥሮ ለሎጂስቲክ ሪግሬሽን መስጠት። ለምን በቃል ሳይሆን በፊደል? "ስላልከፈልናቸውም" በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በዳታችሁ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሊመጣ ይችላል። "ከፈል" የሚለው ቁራጭ ግን በ"ከፈልኩ"፣ በ"አልተከፈለኝም" በከፊል፣ በ"ሊከፈል" ውስጥም ይመላለሳል። ለእያንዳንዱ ክፍል 200 ያህል መለያ የተጻፈለት ቅሬታ ካላችሁ፣ ይህ መንገድ በማንኛውም ላፕቶፕ በሴኮንዶች ይሠለጥናል፣ በቀን መቶ ሺህ መልእክትም ያለ ኢንተርኔት ያነባል። ከዚህ ጀምሩ። የቅሬታው ዓይነት በቃላት የሚለይ ከሆነ (ክፍያ፣ ኔትወርክ፣ ካርድ) እዚሁ ልታቆሙ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው የሠለጠነ የቋንቋ ሞዴልን በራሳችሁ ምሳሌ መቀጠል ነው። ኤክስኤልኤም ሮቤርታ በ100 ቋንቋ የሠለጠነ ሲሆን አማርኛ አንዱ ነው። አፍሪበርታ ደግሞ በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ ብቻ፣ ከ1 ጊጋባይት ባነሰ ጽሑፍ ሠልጥኖ አማርኛን ይዟል፤ አነስተኛ ስለሆነም ለማስኬድ ይቀላል። ይህ መንገድ የሚያሸንፈው ትርጉሙ በቃሉ ሳይሆን በአገባቡ ሲሆን ነው፤ "ጥሩ አገልግሎት ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር" የሚለውን ፊደል ቆጣሪው እንደ ምስጋና ሊያየው ይችላል። ከ1,000 እስከ 3,000 ምሳሌ አዘጋጁ፤ የመማሪያ ፍጥነት 0.00002፣ ከ3 እስከ 5 ዙር፣ ለአንድ ጊዜ 16 መልእክት። 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው አንድ ጂፒዩ ይበቃል፤ ለሰዓታት መከራየትም ይቻላል። ፍጥነቱን ከዚህ ብዙ ከፍ ካደረጋችሁት ሞዴሉ ለሁሉም አንድ መልስ መስጠት ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን ዳታውን ከመውቀሳችሁ በፊት ፍጥነቱን ቀንሱ።

ሦስተኛው ትልቅ የቋንቋ ሞዴልን (ከእጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ ለጥያቄ በጽሑፍ የሚመልሰውን) በኤፒአይ፣ ማለትም ከራሳችሁ ፕሮግራም በኢንተርኔት፣ መጠየቅ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ምሳሌ ሳይኖራችሁ ዛሬውኑ መጀመር መቻላችሁ ነው፤ ክፍሎቹን ዘርዝራችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ምሳሌ ሰጥታችሁ፣ ከዝርዝሩ ውጪ እንዳይመልስ አዝዛችሁ፣ የዘፈቀደነቱን መጠን (መልሱ በየጊዜው የሚለዋወጥበትን) 0 አድርጋችሁ። ጉዳቶቹን ግን በዝርዝር እዩአቸው።

ዋጋው የሚሰላው በቶከን፣ ማለትም ሞዴሉ ጽሑፉን በሚከፋፍልባቸው ቁርጥራጮች፣ ነው፤ አማርኛ በዚህ ይበደላል። በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒዩተር ፊደሎችን በሚያስቀምጥበት የተለመደ አሠራር) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት። የቶከን መቁረጫዎቹም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተሠሩ ስለሆኑ አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ይቆረጣል። የማስታወቂያውን ዋጋ አትመኑ፤ እውነተኛ 100 መልእክቶቻችሁን አስቆጥራችሁ አማካዩን ያዙ። መመሪያውን ጨምሮ በመልእክት 600 ቶከን ቢሆን፣ በቀን 5,000 መልእክት 3 ሚሊዮን፣ በወር 90 ሚሊዮን ቶከን ነው። ይህን በአቅራቢው ዋጋ አባዙና ከሁለተኛው መንገድ የጂፒዩ ኪራይ ጋር አስተያዩ። መጠኑ ሲያድግ ሁለተኛው ይረክሳል።

ቀንና ሰዓት ሌላው ነው። "ጠዋት በ3 ሰዓት ገንዘቤ ጠፋ" የሚለውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ፣ በፈረንጆቹ 3፡00፣ ሊያስቀምጠው ይችላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ላይ 7 ወይም 8 መጨመር፣ የጳጉሜን ቀናትም ማስላት ለሞዴል የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ ሞዴሉ ቀኑን እንደተጻፈ ያውጣ፣ ልወጣውን በተጻፈ ደንብ ሥሩት። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥንታዊ መንገድና የመጨረሻው አዲስ መንገድ አብረው ይሠራሉ፤ በተግባር ጥሩ የሚባሉት ሥርዓቶች አብዛኞቹ እንዲህ የተጣመሩ ናቸው።

አቅራቢው ሞዴሉን ሲያሻሽል የእናንተ ውጤት ሳታውቁት ሊለወጥ ይችላል፤ ስሪቱን በቁጥር አስራችሁ ተጠቀሙ። ደንበኛው በቅሬታው ውስጥ "ከላይ ያለውን መመሪያ ተወው" ብሎ ቢጽፍ ሞዴሉ ሊታዘዘው ይችላልና ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሥልጣን አትስጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የደንበኛው ስም፣ ስልክና የሒሳብ ቁጥር ከአገር ውጪ ወዳለ ሰርቨር ይሄዳል። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥራ ላይ ነው፤ ከመላካችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሯችሁ፣ ቢያንስ ቁጥሮችንና ስሞችን በምልክት ተኩ።

የእኛ ምርጫ? ሦስተኛውን መለያ ለመጻፍ ተጠቀሙበት፤ በጥቂት ሺህ መልእክት ላይ የሰጠውን መልስ ሰው ያርም፤ በታረመው ሁለተኛውን አሠልጥኑ፣ ሥራውን ለእሱ ስጡት። ከዚያ በፊት ግን አቅራቢው በሞዴሉ ውጤት ሌላ ሞዴል ማሠልጠን መፍቀዱን ውሉ ላይ አንብቡ።

የሚያስተያዩበት ሚዛን

ከየትኛውም መንገድ በፊት የፈተና ስብስብ ለይታችሁ ቆልፉበት። መቶ ምሳሌ ላይ የተገኘ 90 በመቶ ማለት ከ84 እስከ 96 የሆነ ማንኛውም ነገር ነው፤ ስለዚህ በመቶ ምሳሌ 90 ያመጣ ሞዴል 87 ካመጣው ይሻላል ማለት አይቻልም። 400 ምሳሌ ልዩነቱን ወደ 3 ነጥብ ግድም ያጠበዋል።

ጠቅላላ ትክክለኛነትን ብቻ አትዩ። ከ1,000 ዝውውር 20ው የተጭበረበሩ ከሆኑ፣ "ሁሉም ጤነኛ ነው" የሚል ሞዴል 98 በመቶ ትክክል ነው፣ ጥቅሙም ምንም ነው። ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ካስጠነቀቀባቸው ስንቱ እውነት ነበሩ? ከነበሩት እውነተኞች ስንቱን ያዘ?

ውጤቱንም በቡድን ከፍላችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒ እና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በገበያ ላይ የነበሩ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ሥርዓቶችን ፈትነው ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ የስህተቱ መጠን እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ፣ ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ከፍተኛው 0.8 በመቶ ነበር። አማካዩ ብቻ ቢታይ ሥርዓቶቹ ጥሩ ነበሩ። ፊት የሚለይ ሥርዓት ከውጭ ገዝታችሁ እዚህ የምትገጥሙ ከሆነ የሻጩን ቁጥር ተዉትና በራሳችሁ ሰዎች ፊት፣ በራሳችሁ ካሜራና ብርሃን ፈትኑት። ለብድሩ በጾታና በክልል፣ ለቅጠሉ በወረዳና በስልክ ዓይነት፣ ለቅሬታው በአጻጻፍ (በግዕዝ ወይስ በላቲን ፊደል) ከፋፍሉ። የአንዱ ቡድን ውጤት ከሌላው እጅግ ካነሰ ያ ቡድን ተጨማሪ ምሳሌ እስኪሰበሰብለት ድረስ ውሳኔው በሰው እጅ ይቆይ።

አሸናፊው ከታወቀ በኋላም በአንድ ቀን አትቀይሩ። ለአራት ሳምንት ሥርዓቱ ከሠራተኛው ጎን ሆኖ ይወስን፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን የሠራተኛው ውሳኔ ይሁን። የተለያዩበትን ሁሉ አውጥታችሁ ሦስተኛ ሰው ማን ትክክል እንደነበረ ይፍረድ። ሥራ ከጀመረም በኋላ በየወሩ 200 መልስ በዕጣ አውጥታችሁ በሰው አስፈትሹ፤ የቅሬታው ቃላት ይለወጣሉ፣ አዲስ የብድር ዓይነት ይመጣል፣ የቡናው ወቅት ሲያልፍ የቅጠሉም መልክ አብሮ ይቀየራል። ቁጥሩ በሁለት ተከታታይ ወር ከወረደ በአዲሱ ዳታ መልሳችሁ አሠልጥኑ፤ የድሮውን ሞዴል ፋይልም አታጥፉት፣ አዲሱ ከባሰ የምትመለሱበት እሱ ነው።